ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያቃተው ልጅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ምድሩ ስለ ትምህርት ያወራል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ወሬው በተሰማ ማግስት ጣት የሚቀሰረው መምህሩ ላይ ነው።

ነገር ግን ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ አልተወለደም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ2014 ዓ.ም. ፈተና የወሰደው ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ፣ ሁለተኛ ክፍል የነበረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ሲበላሽ የቆየው ከታች ነው ማለት ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሳይንሱም ይጠፋበታል፤ የሒሳቡን ጥያቄ ማስላት ቢችል እንኳ ምን እንደተጠየቀ አያውቅም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል መምህራን ነው። ደመወዙ ወሩን እንደማያደርስ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰባ ልጅ እንደሚታጨቅ፣ መጽሐፉ እንደማይዳረስ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ እንዲስተካከል መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልጁ ግን እስኪስተካከል ድረስ ሰባት ዓመቱ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ያለ በጀትና ያለ ሰርኩላር፣ በእጃችሁ ባለው ነገር የሚሠራ አለ።

አንደኛ፣ ማን ማንበብ እንደሚችል ለዩ። “ሀ ሁ ሂ” ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፤ ከውጭ ለሚሰማ ሁሉም የሚያውቅ ይመስላል። ብዙው ልጅ ግን የያዘው ዜማውን ነው። ከመሃል “ቱ” ወይም “ሚ”ን ነጥላችሁ ብትጠይቁት ከ“ተ” ወይም ከ“መ” ጀምሮ እየቆጠረ ካልደረሰበት አያገኘውም። መፍትሔው አንድ ወረቀት ነው። ከላይ ተራቸው የተዘበራረቀ አሥር ፊደላት፣ ቀጥሎ እንደ “ቤት”፣ “ላም”፣ “ውሃ” ያሉ አምስት ቃላት፣ ከታች ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጻፉበት። በቀን ስምንት ልጅ፣ እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል አስነብቡ። ሰባ ልጅ ቢኖር በዘጠኝ የትምህርት ቀን ያልቃል። ህንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው እየመደበ የማስተማር ዘዴውን የጀመረው እንዲህ ባለ ቀላል መለያ ነው።

ሁለተኛ፣ ዜማውን ስበሩት። ቆርኪ ሰብስባችሁ ፊደል ጻፉበት፤ ካርቶን ቆርጣችሁም ይሆናል። ፊደል ያልለዩት ከክምሩ ውስጥ “ቡ”ን ይፈልጉ። ፊደል የለዩት ቆርኪ እየገጠሙ ቃል ይሥሩ። ቃል የሚያነቡት ዐረፍተ ነገር ያንብቡ። ለሦስቱም ቡድን አንድ ዓይነት ገጽ ማስነበብ ለአንዱ ድግግሞሽ፣ ለሌላው ቅጣት ነው።

ሦስተኛ፣ የፊደላችንን አስቸጋሪ ቦታዎች ለይታችሁ አስተምሩ። ሣልስና ኃምስ የሚከተሉት ሥርዓት ስላለ ልጁ ቶሎ ይይዛቸዋል። ሳድስ ግን ቅርጹ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ ስለዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው ጽሑፋችን የማያሳየው የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ ነው። “ገና” ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ “ገና አልመጣም” የምንለው ነው። “ዋና”ም እንዲሁ ነው፤ ሲጠብቅ ዋናው ነገር፣ ሲላላ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው። ልጁ አላልቶ ሲያነበው “ተሳስተሃል” ብሎ ከማለፍ “ዐረፍተ ነገሩ ስለ ምን ያወራል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ትርጉሙን ሲያስብ ድምፁን ራሱ ያስተካክላል።

አራተኛ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ለንባብ ብቻ ስጡ። በሳምንት አንዴ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ንባብ ይልቅ የየቀኑ ትንሽ ትጠቅማለች። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አቀማምጡ፤ በጣቱ እየጠቆመ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ያዳምጥ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። የአንድ ለአምስቱን አደረጃጀት ብዙ መምህር የሚያውቀው ነው፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ሁለት ሲሆኑ ግን መደበቂያ የለም።

አምስተኛ፣ አታሳፍሩ። ሰሌዳ ፊት አቁሞ “አንተ ደደብ” ማለት ልጁን ንባብ አያስተምረውም፤ ዝም ማለትን ነው የሚያስተምረው። ከዚያ በኋላ እጁን አያወጣም፣ ስሙ እንዳይጠራ ያጎነብሳል፤ እናንተም ምን እንደጎደለው ማወቂያ መንገድ ታጣላችሁ። ሲሳሳት ጠጋ ብላችሁ ድምፁን ሹክ በሉት፤ እሱ ይድገመው፤ ቀጥሉ።

ወላጅን በተመለከተ፣ “እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ምን ላግዘው?” የሚሉ እናቶች አሉ። “እማማ፣ ማታ ቡና ሲፈላ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ያንብብልዎ። ስለ ምን እንዳነበበ ይጠይቁት፤ ሌላ አይጠበቅብዎትም” በሏቸው። ልጅ የሚሰማው ሰው ካገኘ ያነባል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለራሳችሁ አድርጉ። መስከረም ላይ የለያችሁበትን ወረቀት አትጣሉት፤ የእያንዳንዱን ልጅ ደረጃ መዝግባችሁ አስቀምጡና ሰኔ ላይ በዚያው መለያ ደግማችሁ ፈትኑ። ከሰባው ሁሉም ላያነቡ ይችላሉ። ነገር ግን መስከረም ላይ “ቱ”ን ከ“ቲ” የማይለይ የነበረ ልጅ ሰኔ ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገር ካነበበ፣ ያ የእናንተ ሥራ ነው። ርዕሰ መምህሩ በሪፖርቱ ላያካትተው፣ ለዕድገትም ላይቆጠርላችሁ ይችላል። ልጁ ግን ከእንግዲህ የሚገባበት ክፍል ሁሉ ይከፈትለታል።