ለገጸ ባሕርያት ስም ስለ ማውጣት

ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የታሪኩ ፍጻሜ ምን እንደሚሆን ብዙ ያስባል፤ ለባለ ታሪኩ ስም ሲያወጣለት ግን ከአፉ የቀደመውን ያነሣል። ስለዚህም በአንድ ክፍል ከሚጻፉት ድርሰቶች ብዙዎቹ የአበበና የከበደ ታሪኮች ሆነው ይገኛሉ። አበበና ከበደ የሚነቀፉ ስሞች አይደሉም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በታሪኩ ዓለም ውስጥ ለልጁ ስም ያወጡለት አባቱ፣ እናቱ ወይም አያቱ ናቸው። እነርሱም ስሙን ያወጡት በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ዘመን፣ በአንድ ምክንያት ነው። ደራሲውም ስም ሲመርጥ በእነርሱ እግር ቆሞ መምረጥ ይገባዋል።

የአማርኛ ስሞች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው፤ የብዙዎቹ ትርጉም ሳይሸፈን በግልጽ ይታያልና። «አበበ»፣ «ከበደ»፣ «ታደሰ» የሚሉት በኀላፊ ጊዜ የተነገሩ ግሶች ናቸው። «ደሳለኝ» ደግሞ «ደስ አለኝ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ደስ ያለው ግን ባለ ስሙ ሳይሆን ስሙን ያወጣው ወላጅ መሆኑን አስተውሉ። «ካሣ»ና «ምትኩ» የሚሉትን ስሞች ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ሞት ከቤታቸው ሰው የወሰደባቸው ወላጆች ናቸው።

ደራሲዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ውስጥ ዋናዋ ባለ ታሪክ ጦቢያ ትባላለች፤ ቃሉ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ያጠረ ነው። በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥ ፊያሜታ የሚለው የኢጣልያ ስም ገና ሲጠራ የአሥመራን ከተማና ያለፈ ታሪኳን ያሳስባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በ1958 ዓ.ም. በወጣው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የምናገኘው ጉዱ ካሣ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ካሣ ሲሆን «ጉዱ» የሚለውን የጨመረበት አገሬው ነው። እንግዲህ አንዱን ስም ቤተሰብ፣ ሌላውን ጎረቤት ሰጠው፤ በሰውየውና በኅብረተሰቡ መካከል ያለው ጠብ በሁለቱ ስሞች መካከል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ታሪካችሁ የሚፈጸመው ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው እንበል። በመጀመሪያ ልትጠይቁት የሚገባችሁ «መቼ?» የሚለውን ነው። በወላይትኛ ቃላት የሚያልቁት በአናባቢ ነው፤ የጥንት ነገሥታቱም ስም አማዶ፣ ጎቤ፣ ጋጋ፣ ጦና እያለ ይሄዳል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል አድርጎ ማረካቸው። ከዚያ በኋላ ከአስተዳዳሪዎቹና ከወታደሮቹ ጋር የክርስትና ስምና የአማርኛ ስም ገባ፤ ቆይቶም ትምህርት ቤቱና ጽሕፈት ቤቱ በአማርኛ ስለሚሠሩ ልማዱ ጸና። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የመጡት የወንጌላውያን ሚስዮናውያንም የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችን ይበልጥ አስፋፉ። ከአገሬው የመጀመሪያ ሰባኪዎች አንዱ የሆኑት ዋንዳሮ ዳባሮ ግን የራሳቸውም የአባታቸውም ስም ወላይትኛ ነው። በአንጻሩ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የወላይታው ተወላጅ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ አንዱ ስማቸው የግእዝ፣ ሌላው የአማርኛ ነው። ስለዚህ በካዎ ጦና ዘመን የነበረን የወላይታ ገበሬ «ጌታሁን» ብትሉት አንባቢ አያምናችሁም፤ የዛሬውን የሶዶ ወጣት ሁሉ በጥንት ስም ብቻ ብትጠሩትም እንዲሁ።

እንዲህ ያለ ለውጥ በሌላም አገር ደርሷል። ኖርማኖች ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ መጥተው በፈረንሳይ ጠረፍ የሰፈሩ ሕዝቦች ናቸው። መሪያቸው ሮሎ የሚል የሰሜን ስም ነበረው፤ ልጁ ግን ጊዮም በሚል የፍራንኮች ስም ተጠራ። ለውጡ አንድ ትውልድ እንኳ አልፈጀም። የሮሎ ዘር የሆነው ዊልያም በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዘ በኋላ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ኤትልሬድና ጎድዊንን የመሰሉ የአገሬው ስሞች እየቀሩ ሄዱ፤ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ በየቤቱ ተሰሙ። ዋልተር ስኮት «አይቫንሆ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ይህን ተጠቀመበት። ድል የተመታው ሳክሶን ባላባት ሴድሪክ ሲባል፣ ድል አድራጊው ኖርማን ሞሪስ ደ ብራሲ ይባላል። በነገራችን ላይ «ሴድሪክ» ስኮት «ሰርዲክ» የሚለውን የጥንት ስም አዛብቶ የጻፈው ነው ተብሎ ይታመናል፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ልጆች በዚህ ስም ተጠርተዋል።

በእነርሱና በእኛ መካከል ግን ለደራሲ የሚጠቅም ትልቅ ልዩነት አለ። በኖርማኖች ዘንድ «ፊትዝ» ማለት «ልጅ» ማለት ነው፤ ፊትዝጄራልድ የጄራልድ ልጅ ነበር። ውሎ አድሮ ስሙ የዘር መጠሪያ ሆኖ ስለቀረ አባቱ ጄራልድ ያልሆነውም ሁሉ ዛሬ ፊትዝጄራልድ ይባላል። የእኛ ስም ግን ከትውልድ ትውልድ ይንቀሳቀሳል። ጎቤ የተባለ የወላይታ ገበሬ ልጁን ታደሰ ብሎ ሰየመው እንበል። ታደሰም ልጁን ዳዊት አለው። አባትየው ታደሰ ጎቤ ነው፤ ልጁ ዳዊት ታደሰ ነው። ጎቤ ከወረቀቱ ወጣ ማለት ነው። ዳዊት ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሄዶ መዝጋቢው «ስም ከነአያት» ሲለው ብቻ «ዳዊት ታደሰ ጎቤ» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ሦስት ዘመን ይሰለፋል። ታሪኩን ለሚጽፍ ሰው ይህች ቅጽበት ከረጅም ገለጻ ትበልጣለች። ዳዊት የአያቱን ስም ጮክ ብሎ ይናገረዋል ወይስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል? መዝጋቢውስ አጣርቶ ይጽፈዋል ወይስ ወደሚያውቀው ስም ይለውጠዋል?

የቀረው አጭር ነው። ሴት ገጸ ባሕርይ ብታገባም በአባቷ ስም መጠራቷ አይቀርምና የባሏን ስም አትስጧት። ታደሰንና ታደለን በአንድ ታሪክ ውስጥ አታገናኙ፤ አንባቢ ያደናግራቸዋል። የወላይትኛ ስም ስትመርጡ ትርጉሙን አስቀድማችሁ ከአያቶቻችሁ ጠይቁ። ጠባይን በስም ለመግለጥም አትቸኩሉ፤ ስም የሚወጣው ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ሳይታወቅ ነው። ፈሪውን ሰው አባቱ «ጀግኔ» ብሎት ቢሆን፣ ጎረቤት በጠራው ቁጥር ምን እንደሚሰማው ለመጻፍ ብዙ ስፍራ ታገኛላችሁ።