«ጦሩን ሁሉ እናስወጣለን» ማለት ለምን ከበደ?

ጦርነትን የሚያወግዙ ፖለቲከኞች «ወታደሮቹ መቼ ይውጡ?» ሲባሉ ቀን ቆርጠው የማይናገሩት ለምንድን ነው? በዛሬው ዝግጅታችን የኢራቅን ጉዳይ አንስተን እንመለከተዋለን።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2007 በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ በዳርትማውዝ ኮሌጅ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዝዳንትነት ተፎካካሪዎች ለክርክር ቀረቡ። ጦርነቱ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከ3,700 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል፤ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢራቃውያን ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ የሞቱት ኢራቃውያን ቁጥርማ እስከ ዛሬም ያከራክራል። ጋዜጠኛው ቲም ረሰርት ብትመረጡ እስከ ጃንዋሪ 2013፣ ማለትም የመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናችሁ እስኪያበቃ፣ ጦሩ በሙሉ ከኢራቅ እንደሚወጣ ቃል ትገባላችሁ ወይ ሲል ጠየቃቸው። ባራክ ኦባማ፣ ሂላሪ ክሊንተንና ጆን ኤድዋርድስ ሦስቱም ቃል አልገቡም። ሦስቱም ግን ጦርነቱን እናበቃለን እያሉ ድምፅ የሚጠይቁ ነበሩ! ሁሉንም አስወጣለሁ ይሉ ከነበሩት አንዱ የኒው ሜክሲኮው ገዥ ቢል ሪቻርድሰን ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የማሸነፍ ዕድላቸው የመነመነ ነበር። ወንበሩ የቀረበለት ሰው ነገ በቃሉ ስለሚያዝ ምላሱን ይቆጥባል።

ምን ፈሩ? ጦሩ ወጥቶ አገሪቱ ብትታመስ ጥፋቱ የሚለጠፈው ባስወጣው መሪ ላይ ነው። ጦሩ ቆይቶ የሚሞተው ሰው ግን ጦርነቱን በጀመረው ይሳበባል። ስለዚህ ለፖለቲከኛው መቆየት ከመውጣት ይቀለዋል፤ ለሟቹ ቤተሰብ ግን እንዲያ አይደለም።

አንዲት ቃል ደግሞ ልብ በሉልን፦ «ተዋጊ» የምትለዋን። «ተዋጊ ጦራችንን እናስወጣለን» ሲባል መራጩ «ጦራችንን» ብሎ ይሰማል። ኦባማ ከተመረጡ በኋላ በፌብሩዋሪ 2009 የውጊያው ተልእኮ በኦገስት 2010 እንደሚያበቃ አወጁ። ቀኑ ደርሶ አበቃ ሲባል ወደ 50,000 የሚጠጋ ወታደር አሠልጣኝና አማካሪ ተብሎ እዚያው ነበር። ለባግዳድ እናት የተዋጊና የአማካሪ ጠመንጃ ልዩነቱ ምን ይሆን? ቃል በዲናችን የሚያስጠይቅ ዕዳ ነውና ቃል ከመግባት የተቆጠበን ሰው አንወቅስም። የምንወቅሰው ያልገባውን ቃል የገባ መስሎ የሚታየውን ነው።

ታዲያ ቀኑን ማን ቆረጠው? አጥብቀው የጠየቁት ኢራቃውያኑ ናቸው። በኖቬምበር 2008 በተፈረመው የሁለቱ መንግሥታት ውል ጦሩ እስከ 2011 መጨረሻ እንዲወጣ ተወሰነ። የፈረመው የፕሬዝዳንት ቡሽ መንግሥት ነበር፤ ቡሽ ግን በሜይ 2007 ኮንግረሱ የመውጫ ጊዜ የቆረጠበትን ሕግ ውድቅ አድርገው ነበር። በ2011 ጥቂት ሺህ ወታደር ለማስቀረት ድርድር ተደረገ። ሆኖም ወታደሮቹ በኢራቅ ፍርድ ቤት እንዳይከሰሱ ዋስትና ይሰጥ በሚለው ስላልተስማሙ ሳይሳካ ቀረ። በኤምባሲው ከቀሩ ጥቂቶች በስተቀር የመጨረሻዎቹ ወታደሮች ዲሴምበር 18 ቀን 2011 ወደ ኩዌት ተሻገሩ። ሦስቱ ቃል ሊገቡበት ያልደፈሩት ነገር አንድ ዓመት ቀድሞ ተፈጸመ ማለት ነው።

በጁን 2014 አይሲስ ሞሱልን ሲይዝ ኦባማ ወታደሮችን መልሰው ላኩ። ከእነሱም መካከል ስማቸው «አማካሪ» የተባሉ ነበሩ።