«የሰው» ሲባል የማን ነው? የላቦራቶሪ ካይኔዝ ስያሜ በሞያሌ የቋንቋዎች መገናኛ

ሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። የኬንያው ወገን በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። በከተማዋ ቦረንኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሞያሌ የዕቃ ስም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የመሻገሩን ጉዳይ ለመመርመር የተመቸች ስፍራ ሆናለች። ለዚህ ምርመራ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በደረቅ በረዶ በታሸገ ጥቅል ላይ «ሪኮምቢናንት የሰው ካይኔዝ፣ ለምርምር ብቻ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። አንባቢው ከዚህ ምን ይረዳል?

ካይኔዝ የኢንዛይም ዓይነት ነው። ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል የፎስፌት ቡድን ወስዶ በሌላ ሞለኪውል፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ፕሮቲን ላይ ያኖራል። ፎስፌት የተጫነበት ፕሮቲን ሥራውን ይጀምራል፣ ያቆማል ወይም ይለውጣል። ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ያንኑ ፎስፌት ያነሣል። ይህን የመጫንና የማንሣት ሥርዓት የገለጡት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለ የደም ካንሰር መድኃኒትም ከቁጥጥር የወጣን ካይኔዝ በማገድ ይሠራል። ተመራማሪዎች ካይኔዝን በላቦራቶሪ የሚያሠሩት እንዲህ ያሉ አጋጅ ውሕዶችን ለመፈተን ነው።

ስያሜው ሦስት አካላት አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ችግር አለበት።

የመጀመሪያው «ካይኔዝ» ነው። መነሻው «ማንቀሳቀስ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ግስ ሲሆን፣ መድረሻው «-ኤዝ» የኢንዛይም ስሞች የወል ምልክት ነው። ስዋሂሊ ለኢንዛይም «ኪሜንጌኛ» የሚል ስም ሰጥቷል፤ ቃሉ ምግብ መፍጨትን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነው። ምግብ ለሚፈጩ ኢንዛይሞች ይስማማል፤ ምንም ለማይፈጨው ካይኔዝ ግን ምስሉ አይገጥምም። አማርኛ ባዕዱን ቃል እንደ ተቀበለ ቢያቆይና ፍቺውን ከራሱ የአድራጊ ስም ቢያወጣ ይሻለዋል። በጭነት መኪና ዙሪያ «ጫኝና አውራጅ» ሲባል የማይረዳ የለም። ካይኔዝ «ፎስፌት ጫኝ»፣ ፎስፋቴዝም «ፎስፌት አውራጅ» ቢባሉ ጥንድነታቸው ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይታያል።

ሁለተኛው «ሪኮምቢናንት» ነው። ቃሉ በሰዋስው ፕሮቲኑን ይገልጻል፤ በእውነቱ ግን የሚናገረው ስለ ዘረመሉ ነው። ካይኔዙን የሚያሠራው የዘረመል ክፍል በክብ ዲኤንኤ ላይ ይቀጠላል፤ ከዚያም በባክቴሪያ ወይም በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም ፕሮቲኑን ያመርታል። የኢትዮጵያ የሕግ አማርኛ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 ተከትሎ፣ «ልውጥ ሕያው» የሚል ስም አለው። ስሙ ለአምራቹ ባክቴሪያ ይስማማል። ከሕዋሱ ወጥቶ የተጣራው ፕሮቲን ግን ሕያው አይደለም፤ አይራባም። ስለዚህ «ልውጥ ካይኔዝ» ማለት የአምራቹን ጠባይ ለምርቱ መስጠት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው «የሰው» ነው። «የ-» አገናዛቢ ምዕላድ ናት፤ ባለቤትነትን፣ ምንጭን፣ ዓይነትንና ተጠቃሚነትን ሳትለይ ታመለክታለች። «የሰው ደም» ከሰው የተቀዳ ነው፤ «የሰው መድኃኒት» ለሰው የሚሰጥ ነው፤ «የሰው ካይኔዝ» ግን ሁለቱንም አይደለም። ሰው ለዚያ ጥቅል አልተቀዳም፤ ከሰው የመጣው የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ጎረቤት ቋንቋዎችም አያድኑም። በቦረንኛ «ነመ» መድረሻ አናባቢው ረዝሞ «ነማ» ሲሆን፣ በስዋሂሊም «ያ ቢናዳሙ» ሲባል፣ ያው አሻሚነት ይከተላል። «ሰብአዊ» የሚለው ቅጽልም ወደ ርኅራኄና ወደ መብት ስለሚወስድ መፍትሔ አይሆንም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ስሙን «ከሰው አካል የተወሰደ» ብሎ የተረጎመ ሰው የለጋሽን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ልውጥ ሕያው» ብሎ የተረጎመም ሌላ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄዎቹ መልስ እስኪያገኙ ደረቁ በረዶ ይተናል፤ በቅዝቃዜ መቆየት ያለበት ፕሮቲንም የመሥራት ዐቅሙን ያጣል። ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በእርግጥ ከሰው የተቀዳ ናሙና «የሰው ፕሮቲን» በሚል ያው ስም ቢያልፍ፣ ለጋሹን የሚጠብቀው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል።

መውጫው በአማርኛ ውስጥ አለ። አገናዛቢው የሚሸሽገውን ግንኙነት አንጻራዊ ሐረግ ይገልጠዋል፦ «በሰው ዘረመል ቅደም ተከተል መሠረት በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ፣ የተጣራ ካይኔዝ (ፎስፌት ጫኝ ፕሮቲን)»። አምራቹ የነፍሳት ሕዋስ ከሆነ «በባክቴሪያ» የሚለው ይለወጣል። ሐረጉ ረዥም ነው፤ ነገር ግን ምንጩን፣ አምራቹንና ሥራውን በየቦታቸው ያስቀምጣል። በቦረንኛና በስዋሂሊ የሚዘጋጅ ትርጉምም ከአጭሩ ስም ሳይሆን ከዚህ ሐረግ ቢነሣ፣ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ።