በካሴት ውስጥ የተሸሸገ ስም

የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊው ብዙ ወራት የፈጀበትን ድካም በፈጸመ ጊዜ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን ያኖራል፤ የራሱንም፣ ያጻፈውንም፣ የሚያነበውንና የሚሰማውንም አስተባብሮ ከሚመጣው ትውልድ ጸሎትን ይለምናል። ስሙን ሳያኖር ያለፈ ጸሐፊ መጽሐፉ ቢኖርም እርሱ ራሱ ከመጽሐፉ ውጭ ቀርቷል፤ አንባቢው የእጁን ጽሕፈት እያደነቀ ማን እንደ ነበረ ሳያውቅ መጽሐፉን ይዘጋል። ይህን ልማድ በመቅድም ያነሣሁት፣ ከብራና እጅግ የራቀ የሚመስለውን፣ ነገር ግን በዚሁ በስም ጉዳይ ከእርሱ ጋር የሚገናኘውን አንድ ትጋት ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር የመጀመሪያዎቹን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎችና ካሴቶች ከየጓዳውና ከየአሮጌ ዕቃ ገበያው እየለቀሙ የሚያኖሩ፣ ከዚያም አልፈው እነዚያን ዕቃዎች የፈለሰፉትን ጠበብት በሕይወት ሳሉ እየፈለጉ የሚያገኙ ሰዎች ትጋት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሰብሳቢው ሥራ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚያገለግለውን ሰው ሥራ ይመስላል፤ ዕቃውን ይለያል፣ ያጸዳል፣ ይመዘግባል፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ይጠብቃል። ካሴቱ ብቻውን የተገኘው፣ ከሣጥኑና ከመመሪያው ጋር የተሟላው፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይከፈት የቆየው፣ እያንዳንዱ በሰብሳቢዎቹ ዘንድ የየራሱ ማዕርግ አለው። የዕቃው ጠላት ግን ብዙ ነው። በካሴቱ አፍ ላይ ያሉት የመዳብ ጥርሶች በጊዜ ብዛት ይጠቁራሉ፤ በአዲስ አበባ ሰፈሮች በካሴት ጌም የተጫወተ ልጅ ሁሉ ጨዋታው እንቢ ሲለው ካሴቱን ነቅሎ «እፍ» ማለትን ያውቃል፤ ሰብሳቢዎቹ ግን የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን እንደሚጎዳ ስለ ተረዱ በጥጥና በአልኮል ያጸዱታል። በ1987 በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው የኒንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» በሆዱ ትንሽ ባትሪ የያዘ ሲሆን፣ ባትሪው ያለቀ ቀን ተጫዋቹ ያስቀመጠው ጉዞ ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ሰብሳቢው ካሴቱን ፈትቶ አዲስ ባትሪ ይበይድበታል። በብርሃን ጠመንጃ የሚተኮስባቸው የዚያ ዘመን ጨዋታዎች ደግሞ ጀርባው በገፋው በአሮጌው ቴሌቪዥን ካልሆነ በዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ ስለማይሠሩ፣ ሌላው ሰው አውጥቶ የጣለው ያ ከባድ ቴሌቪዥን በሰብሳቢው ቤት የክብር ቦታ አግኝቷል።

በጁላይ 2021 አንድ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1,560,000 ዶላር ተሸጠ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የአባቱን ጓዳ መፈተሽ ጀመረ፤ እኔ ግን ታሽጎ የሚኖር ጨዋታ ዜማው እንዳልተዜመ ድጓ ነው ብዬ አምናለሁ። የማከብረው ሰብሳቢ ካሴቱን ሰክቶ የሚያጫውተውን፣ ይልቁንም ማን እንደ ሠራው የሚጠይቀውን ነው።

ከጠበብቱ መካከል በኵር የሚባለው ራልፍ ቤየር ነው። በ1922 በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደው ይህ ሰው፣ የናዚዎች መከራ በጸናበት በ1938 ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰዶ፣ የሬዲዮ ጥገናን ተምሮ፣ በጦርነቱ ዘመን በውትድርና አገልግሎ፣ ከዚያም በቴሌቪዥን ምሕንድስና ተመርቆ፣ በኒው ሃምፕሺር ግዛት በናሹዋ ከተማ ለጦር ኃይሉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በሚሠራው ሳንደርስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራ ነበር። በኦገስት 1966 መጨረሻ በኒው ዮርክ በአንድ የአውቶቡስ ጣቢያ ባልደረባውን ሲጠብቅ፣ በየቤቱ ተቀምጦ ከማሳየት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ቴሌቪዥን መጫወቻም ሊሆን እንደሚችል አሰበ፤ ያሰበውንም እንዳይረሳ ማስታወሻ ይዞ፣ በማግሥቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን በ4 ገጽ አስፍቶ ጻፈው። ከሁለት ባልደረቦቹ፣ ከቢል ሃሪሰንና ከቢል ረሽ ጋር ብዙ ሙከራ ካደረገ በኋላ በ1968 የተጠናቀቀው፣ እንጨት በሚመስል ልጣፍ የተሸፈነው መሣሪያ «ቡናማው ሣጥን» ተባለ፤ ማግናቮክስ የተባለው የቴሌቪዥን አምራችም ፈቃድ ወስዶ በ1972 «ኦዲሲ» በሚል ስም ለገበያ አወጣው።

ኦዲሲን ዛሬ ያየ ወጣት እንዴት ይህ መጫወቻ ይባላል ሊል ይችላል። ማይክሮፕሮሰሰር የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ ነጥብ አይቆጥርም፤ በጥቁር መስኮት ላይ ጥቂት ነጫጭ ነቁጦችንና አንድ መስመር ከማሳየት በቀር የሚችለው ነገር የለም። የቀረውን የሚሞላው ሥዕል የታተመበት ስስ ፕላስቲክ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ተለጥፎ፣ ከሣጥኑ የሚወጡት የወረቀት ገንዘብ፣ ካርታና ዛህራ ተጨምረውበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጫዋቹ ሐሳብ ነው። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ የነበረው ይህ መሣሪያ ምርቱ በ1975 እስኪቆም ድረስ 350,000 ያህል ተሸጧል፤ ነገር ግን አስቀድመው የሚጠፉት እነዚያ ትናንሽ ወረቀቶችና ስስ ፕላስቲኮች ስለሆኑ፣ አንዲት ካርታ ሳትጎድልበት የተገኘ ኦዲሲ ለሰብሳቢው የዓመታት ድካም ዋጋ ነው።

ስለ ቤየር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የወረቀት አያያዙ ነው። የሠራውን እያንዳንዱን ሥዕልና ስሌት ቀን ጽፎበትና ፈርሞበት ያስቀምጥ ነበር፤ የፈጠራ መብት ሕግ ይህን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ እርሱ ከሕጉ ይልቅ የጠባዩን የሚሠራ ይመስላል። የዚህም ፍሬ በችሎት ታየ። ኖላን ቡሽኔል የተባለው የካሊፎርኒያ መሐንዲስ በሜይ 1972 ኦዲሲ ለነጋዴዎች በታየበት ስፍራ ተገኝቶ፣ የጠረጴዛ ቴኒሱን ጨዋታ ተመልክቶ፣ በእንግዶች መዝገብ ላይ ስሙን አስፍሮ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቴድ ዳብኒ ጋር አታሪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ አል አልኮርን የተባለው ወጣት መሐንዲሳቸው «ፖንግ»ን ሠራ፤ በሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት የተተከለውም የመጀመሪያው ማሽን ከጥቂት ቀን በኋላ ተበላሸ ተብሎ ሊጠግኑት ቢሄዱ፣ ብልሽቱ የሳንቲም መቀበያው ሞልቶ መፍሰሱ ሆኖ ተገኘ። ማግናቮክስ መብቴ ተነካ ብሎ በከሰሰ ጊዜ ያ የእንግዶች መዝገብ ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆነ፤ አታሪም በ1976 በስምምነት ፈቃዱን ገዛ። ቤየር ቡናማውን ሣጥንና ወረቀቶቹን በ2006 ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የአገሩን የቴክኖሎጂ ሜዳይ ከፕሬዚዳንቱ እጅ ተቀበለ፤ በ2014 በ92 ዓመቱ ካረፈ በኋላም በቤቱ የነበረው የሥራ ክፍሉ ከነመሣሪያው ተነሥቶ በዋሽንግተን በሚገኘው በዚሁ ቤተ መዘክር ውስጥ ተተክሏል።

ሁሉ ግን እንደ ቤየር አልታደለም። አታሪ በ1977 ያወጣው፣ በኋላ «2600» የተባለው የቤት መሣሪያ፣ በሥራ ጊዜ የሚያስታውስበት ቦታ 128 ባይት ብቻ ነው። በአንድ ባይት አንድ ሆሄ ይቀመጥ ብንል፣ 33ቱ ፊደላችን ከነ7 ቤቱ 231 ሆሄ ስለሆነ፣ ልጅ ሳለን የቆጠርነው የፊደል ገበታ እንኳ አይገባበትም። ሙሉ ሥዕል የሚቀመጥበት ስፍራ ስለሌለም፣ የቴሌቪዥኑ ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ሥዕሉን መስመር በመስመር ሲያወርድ፣ ፕሮግራሙ ከጨረሩ ጋር እየተሽቀዳደመ የእያንዳንዱን መስመር ቀለም በጊዜው ማቀበል አለበት፤ ለአንድ መስመር የተፈቀደለትም የማሽኑ 76 ምት ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ጨዋታውን ያስባል፣ ሥዕሉን ይስላል፣ ድምፁን ያወጣል፣ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን በሣጥኑ ላይ የሚወጣው የኩባንያው ስም ነው፤ የሠሪዎቹ ስም ከታወቀ ሌሎች ኩባንያዎች ይነጥቁናል የሚል ሥጋት ነበርና።

ከእነዚህ ስም አልባ ሠራተኞች አንዱ ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» የተባለውን ጨዋታ በሚሠራበት ጊዜ ለማንም ሳይናገር አንድ የምሥጢር ክፍል ጨመረ። ከወለሉ ቀለም የማትለይ አንዲት ነቁጥ በግንብ በተከበበ ስፍራ ተቀምጣለች፤ እርስዋን ዳስሶ ያገኘና ወደ ተወሰነው ስፍራ ያደረሰ ተጫዋች በግድግዳ ውስጥ አልፎ ይገባል፤ በዚያም ይህን የፈጠረው ዋረን ሮቢኔት ነው የሚል ጽሕፈት ቀለሙን እየለዋወጠ ያበራል። ሠሪው ከኩባንያው ወጥቶ ከሄደ በኋላ በሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖር የ15 ዓመት ልጅ ክፍሉን አግኝቶ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያውም ለማጥፋት ከመድከም ይልቅ እንዲኖር ፈቀደ፤ በምዕራባውያን አገር ልጆች በትንሣኤ በዓል በየጓሮው የተሸሸገ እንቁላል ስለሚፈልጉ፣ እንዲህ ያለው ስውር ነገር «የፋሲካ እንቁላል» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። ለእኔ ግን ያ ክፍል የብራናው የመጨረሻ ቅጠል ነው፤ ጸሐፊው ስሙን የሚያኖርበት ቅጠል ቢከለከል በግድግዳ ውስጥ አኖረው።

ሌሎች አራት የአታሪ ሠራተኞች፣ ዴቪድ ክሬን፣ አለን ሚለር፣ ቦብ ዋይትሄድና ላሪ ካፕላን፣ በዚሁ በስምና በድርሻ ጉዳይ ቅር ተሰኝተው ወጥተው በ1979 አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ በማቋቋም የሠሪውን ስም በግልጽ ማውጣት ጀመሩ። በዚህ ኩባንያ ካሮል ሾው የተባለች ሴት በ1982 «ሪቨር ሬይድ»ን ሠራች። በጨዋታው ተጫዋቹ አውሮፕላኑን እየነዳ የሚከተለው ወንዝ አያልቅም፤ ካሴቱ የሚይዘው ግን 4 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ይህን ሁሉ ወንዝ ሊይዝ አይችልም። ሾው ወንዙን በማኖር ፈንታ ወንዙን የሚወልደውን ስሌት አኖረች፤ ስሌቱ ከአንድ መነሻ ቁጥር እየተነሣ ዳርቻውንና ደሴቱን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ያወጣል። ከዚህ የረቀቀ የቁጠባ ጥበብ በዚያ ዘመን ብዙ አላየሁም። ወረቀቶቿንና ካሴቶቿን በሮቸስተር ከተማ ለሚገኘው ስትሮንግ ለተባለው የጨዋታ ቤተ መዘክር ሰጥታለች።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ፣ ሥራቸው በየአሮጌ ዕቃ ገበያው በሳንቲም እየተሸጠ ሳለ፣ ፈልገው ያገኟቸው ዩኒቨርሲቲዎች ወይም ኩባንያዎች ሳይሆኑ ሰብሳቢዎቹ ነበሩ። ጆን ሃርዲ፣ ሾን ኬሊና ጆ ሳንቱሊ የተባሉት ሦስት ሰብሳቢዎች ከ1999 ጀምሮ በላስ ቬጋስ «ክላሲክ ጌሚንግ ኤክስፖ» የተባለውን ጉባኤ እየጠሩ፣ አሮጌ መሣሪያ በሚታይበትና በሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ የሠሩትን ሰዎች ወንበር ሰጥተው አስቀመጡ፤ የሰበሰቡትም በ2016 በቴክሳስ ግዛት በፍሪስኮ ከተማ ለተከፈተው ብሔራዊ የቪዲዮ ጨዋታ ቤተ መዘክር መሠረት ሆነ። በእንዲህ ያለው ጉባኤ ሰብሳቢው የ20 ወይም የ30 ዓመት ካሴቱን ይዞ ይሰለፋል፤ ሠሪው ይፈርምበታል፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ያ እንግዳ ቀለም ለምን እንደ ተመረጠ፣ ያ ስሕተት እንዴት እንዳመለጠ ይተርክለታል፤ በቤቱ ጣሪያ ሥር የቀረ ረቂቅ ወይም ለገበያ ሳይወጣ የተተወ ጨዋታ እንዳለውም የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ወግ መካከል ነው። ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። እነዚህን የሚጠብቃቸው የሰብሳቢው መደርደሪያ ነው።

ስማቸው ዘግይቶ የታወቀም አሉ። ጄሪ ሎውሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1940 በብሩክሊን ተወልዶ፣ በልጅነቱ የራሱን ሬዲዮ ጣቢያ ሠርቶ፣ ቴሌቪዥን እየጠገነ ያደገ ሰው ነው። በፌርቻይልድ ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በ1976 የወጣውን «ቻነል ኤፍ» የመራው እርሱ ነበር። ጨዋታን በሚለዋወጥ ካሴት የማኖር ሐሳብ ከአልፔክስ ኩባንያ መሐንዲሶች ቢመጣም፣ ሐሳቡን ማንም ሰው በቤቱ ሊጠቀምበት ወደሚችል ዕቃ የለወጠው የሎውሰን ቡድን ነው፤ ሕፃን ሺህ ጊዜ ቢሰካውና ቢነቅለው እንዳይበላሽ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ካሴት ሁሉ፣ በአዲስ አበባ ልጆች «እፍ» የሚሉት ሳይቀር፣ የዚህ ሥራ ዘር ነው። የሙያው ማኅበር በማርች 2011 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ጉባኤ ክብር ሰጠው፤ እርሱም በሚቀጥለው ወር ኤፕሪል 9 ቀን በ70 ዓመቱ ዐረፈ። የቻነል ኤፍ ካሴት እንደ ሙዚቃ ካሴት ሰፋ ያለ ቢጫ ፕላስቲክ ነው። በላዩ የተከታታይ ቁጥሩ በትልቁ ታትሟል፤ የሎውሰን ስም ግን የለበትም።