ቡናችንና ከሥሩ በታች ያለው ጉርብትና

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በተባለው ሠፈር ማለዳ ማለዳ የሚቆላው ቡና ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። ከወንዶ ገነት፥ ከይርጋለም፥ ከአለታ ወንዶና ከመሳሰሉት የሲዳማ ወረዳዎች የሚወርድ ነው። ስለ ቡና ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚነጋገረው ስለ ዋጋው ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ዓይን ስለማያየው፥ ከሥሩ በታች ስላለው ነገር ልንጽፍ ወደድን።

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በእንጀራ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ፥ ወይም ከዝናብ በኋላ ከመሬት ብቅ የሚለውን እንጉዳይ ነው። ከፈንገስ ወገን ግን እጅግ ቀጫጭን ክሮቹን በቡናው ሥር ውስጥ ሰድዶ፥ የቀሩትንም ሥሩ ሊደርስበት ወደማይችለው አፈር ዘርግቶ የሚኖር አለ። ቀይ አፈራችን ፎስፎረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ፥ ቡናው ብቻውን ይህን ምግብ በበቂ ማግኘት ይቸግረዋል። ፈንገሱም ፎስፎረሱንና ውኃውን ያመጣለታል፤ ቡናው ደግሞ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ክሮቹ የአፈሩንም ቅንጣቶች አያይዘው ስለሚይዙ መሬቱ ዝናብ በመጣ ጊዜ ቶሎ አይታጠብም። በቤተ ክርስቲያን አጸድ የምናያቸው ጥድ፥ ወይራና ዝግባም በዚሁ ዓይነት ጉርብትና የሚኖሩ መሆናቸውን ኢትዮጵያውያንና ጀርመናውያን ሊቃውንት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል።

እንግዲህ የአየር ጠባይ መለወጥ የሚነካው ይህንን ጉርብትና ነው። የአገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አፈሩ ፈጥኖ ሲደርቅ ተክሉ ለራሱ ስለሚጨነቅ ለፈንገሱ የሚሰጠው ስኳር ያንሳል፤ ክሮቹም ይሳሳሉ። ዘግይቶ የመጣው ዝናብ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ደግሞ የተራቆተውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ የነበረውን የጨለለቃን ሐይቅ ያስታውሷል። በቀድሞ ካርታዎች ላይ ሐይቅ ተብሎ የተሣለው ውኃ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግና የከብት መሰማሪያ ሆኗል። ይህን ሁሉ በአየር ጠባይ ላይ መጫን ግን ቅን ፍርድ አይመስለንም፤ በላይኛው ተዳፋት ደኑን የመነጠረው የሰው እጅ ነውና።

ከፈንገስ ወገን ጠላትም አለ። የቡና ቅጠል ዋግ በቅጠሉ ጀርባ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ ዱቄት እየነዛ ቅጠሉን ያረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1869 በሴሎን ደሴት (ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው) ታይቶ፥ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞሉ የደሴቲቱን ገበሬዎች ቡናን ትተው ሻይ እንዲተክሉ ያስገደዳቸው ይኸው ዋግ ነው። ሌሊቱ በሞቀ መጠን ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ፥ ቀድሞ ብርድ ይከላከልላቸው ወደነበሩት ከፍተኛ ቦታዎች መውጣት ይቀልለዋል። የሚያስደንቀው ነገር ግን በአገራችን የቡና ደኖች ይህንኑ ዋግ የሚበላ ሌላ ነጭ ፈንገስ መኖሩ ነው፤ እርሱም የሚወድደው ጥላና እርጥበት ነው።

ነገሩ ስለዚህ ወደ ዛፍ ጥላ ይመለሳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፥ ቡና ከዛፍ ጋር ተቀላቅሎ በሚበቅልበት አፈር ውስጥ የጠቃሚው ፈንገስ ዘር ቡና ብቻውን ከተተከለበት ይልቅ በዝቶ እንደ ተገኘ ያስረዳል። የሲዳማ ገበሬ ከዋንዛው፥ ከብርብራውና ከእንሰቱ በታች ቡናውን ሲተክል የኖረው ማይክሮስኮፕ አይቶ አልነበረም። ዛሬ ግን በወንዶ ገነት አካባቢ ብዙ ማሳ ወደ ጫት ተለውጧል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ገንዘብ ያስገኛልና፥ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ይህን ቢመርጥ ልንወቅሰው አንደፍርም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት፥ አንዳች እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው እስከዚህ ምዕት ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። በአንጻሩ ቀድሞ ብርዳም የነበረው ደጋ ለቡና የተመቸ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቡናውን በችግኝ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት ይቻላል፤ ዛፉ ግን ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈጅበታል፥ ከሥር ያለውም ክር በአንድ ክረምት አይዘረጋም። በደጋ ዘመድ ያላችሁ ቤተ ሰቦች፥ ቡናው ሳይመጣ ዋንዛውና ብርብራው ከአሁኑ ቢተከል መልካም ነው። ችግኝ የምታፈሉም በመደቡ ላይ ከአሮጌ ጥላ ዛፍ ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ብትቀላቅሉበት፥ ፈንገሱ ከችግኙ ጋር አብሮ ይሄዳል። አፈሩን ስትወስዱ ግን በአጠገቡ ቡና ጠውልጎ የደረቀበት ቦታ አለመሆኑን አስቀድማችሁ እዩ፤ የማድረቅ በሽታም በአፈር ይተላለፋልና።