እንቁጣጣሽ በእንጦጦ ግርጌ

መስከረም 1 ቀን ለእንጦጦ ግርጌ ሰው ድርብ በዓል ነው። ዘመን ይለወጣል፤ የእንጦጦ ራጉኤል ዓመታዊ ንግሥም የሚውለው በዚሁ ዕለት ነው። ነጠላውን ያጣፋ ምእመን ገና በማለዳ ዳገቱን ይያያዘዋል። መንገዱ ዳር ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ይቆየዋል።

በዓሉ ግን የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው። ለምሳሌ 2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነውና ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። ዕለቱን ለማግኘት 1879ን ከ7519 ጋር ደምሮ ለ7 ማካፈል ነው፤ ትርፉ 4 ይሆናል። 1 ማክሰኞ ስለሆነ 4 ዓርብ ነው። ይህ ቁጥር ጓዳ ድረስ ይገባል። ከበዓለ ሃምሳ፣ ከገናና ከጥምቀት በቀር ዓርብ ይጾማልና፣ በጿሚ ቤት 12 ብልት የሚወጣለት ዶሮ ለማግስቱ ይቆያል።

በዋዜማው ሰሞን ሾላ ገበያ መተላለፊያ ይጠፋል፤ በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ቄጤማና የታሰረ ችቦ ይሸመታል። ሲመሽ ቤተሰቡ ደጅ ወጥቶ ችቦውን ይለኩሳል። በነጋታው ሴቶች ልጆች ቄጤማና አደይ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ «አበባየሆሽ» ይላሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወንዶቹ በእጃቸው የሣሉትን አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ለየጎረቤቱ ያድላሉ። ባለቤቱ ሥዕሉን ተቀብሎ ገንዘብ ወይም ዳቦ ይሰጣል፣ ይመርቃልም። ከዚያ ታናሽ ወደ ታላቅ ቤት ይሄዳል፤ ጉልበት ይሳማል፤ ሽማግሌው «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ሲሉ ቤቱ «አሜን» ይላል።

ሞንጎሎችም በጨረቃ አቆጣጠር በሚያከብሩት አዲስ ዓመታቸው፣ በጻጋን ሳር፣ ወጣቱ ወደ አረጋዊው ቤት ይሄዳል፤ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ የታላቁን ክንድ ከሥር እየደገፈ ሰላም ይላል። የቀን አቆጣጠራቸው ከእኛ ይለያል፤ አዲሱን ዓመት በታላላቆች ደጅ መጀመራቸው ግን ያመሳስለናል።

በዓሉን በዓል የሚያደርገው ይኸው መጠያየቅ ነው። ዛሬ የታተመ ካርድና የስልክ መልእክት ቀሏል፤ ብዙ የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪም ከግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ፎቅ ግን ደረጃ አለው፤ ልጆች ሥዕላቸውን ይዘው ከወለል ወለል በር ማንኳኳት ይችላሉ። ወላጅ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ወረቀትና ቀለም ይግዛላቸው፤ በመስከረም 1 ጠዋትም ጎረቤት በሩን ይክፈትላቸው።