አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ለምን ይቆማል?

በክረምት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለው ወደ ገጠር ተጉዘው የሚያውቁ ከሆነ ነገሩ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። መኪናው አስፋልቱን ለቆ ጥቂት እንደሄደ ጭቃ ይይዘዋል። ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል። ወርደው ሌላኛውን የኋላ ጎማ ቢመለከቱት ግን ዝም ብሎ ቆሟል። የሚገርመው ደግሞ የቆመው ጎማ ያረፈው ብዙ ጊዜ ደህና መሬት ላይ መሆኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ እኛንም የገጠመን ይኸው ነው። አክስታችን አርፋ፣ ቤተሰቡ በአንድ ሚኒባስ ተሳፍሮ በጮቄ ተራራ በኩል ወዳለ መንደር ለቀብር እየሄደ ነበር። መሪውን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተን ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንጓዝ የግራው የኋላ ጎማ ማጥ ውስጥ ገባ። እሱ ረገጠ፤ እኛ ገፋን። በረገጠ ቁጥር ጎማው ይብሱን ሰመጠ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከታገልን በኋላ ከኋላችን የደረሱ አንድ ሸምገል ያሉ የአይሱዙ ሾፌር ወረዱ። ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ነዳጁን ተወው። መኪናህ ጉልበት አላነሰውም፤ ያነሰው መያዣ ነው» አሉት። በሩብ ሰዓት አወጡን። ቀብሩ ግን አመለጠን። የደረስነው ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነበር፤ እናቴም እህቷን ሳትሸኝ ቀረች።

የሰውዬው ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ፣ መካኒክ ባልሆንም ነገሩን እስኪገባኝ ድረስ ስጠይቅ ቆየሁ። የተረዳሁትን ለእርስዎም ላካፍልዎ፤ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ይጠቅምዎታል።

የቀንበሩ ምስጢር

ነገሩ የሚጀምረው ከኩርባ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ የሚያገኙትን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ያስቡ። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው ፊቱን ወደ መጣበት በሚያዞርበት በአንዱ ኩርባ ብቻ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 4.7 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ላይ የተበየዱ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ መንሸራተት ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህን ችግር የሚፈታው ዲፈረንሻል ነው። እንደ ብዙዎቹ ሚኒባሶች በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ሥር አጎንብሰው ቢያዩ፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሀል እንደ ድስት ያበጠው ብረት የእሱ ቤት ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ደግሞ ከካምቢዮው ጋር አብሮ ተቀምጧል። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር በ1820ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ለሚሠራ ተሽከርካሪ ካበጀው ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። ከሞተር የመጣውን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላል፤ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩም ይፈቅድላቸዋል።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥማድ በሬ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቀንበሩ ከሞፈሩ ጋር መሀል ለመሀል በምራን ታሰረ እንጂ በምስማር አልተቸነከረም። በሬዎቹ ትልሙ ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ የውስጡ በሬ ባለበት ይረግጣል፤ የውጭው ሰፋ አድርጎ ይራመዳል። ቀንበሩም እየዞረ ይፈቅድላቸዋል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። አንደኛው በሬ መሳቡን ቢተው ብርቱው በሬ ብቻውን ማረሻውን ሊስብ አይችልም። ቢታገል ቀንበሩ ወደ እሱ ይዞራል እንጂ ሞፈሩ አይነቃነቅም። ሁለቱም የሚስቡት እኩል ነው፤ ልኩን የሚወስነው ግን ደካማው ነው።

ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። ለሁለቱ ጎማዎች የሚሰጠው የማዞር ጉልበት እኩል ነው። ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ የሚይዘው መሬት ስላጣ በጥቂት ጉልበት ይሽከረከራል። ደህና መሬት ላይ ያረፈው የሚደርሰውም ያችው ጥቂት ጉልበት ናት፤ መኪናውን ለማንቀሳቀስ አትበቃም። ስለዚህ ነዳጅ ሲጨምሩ የሚጨምረው የሚሽከረከረው ጎማ ፍጥነት እንጂ የቆመው ጎማ ጉልበት አይደለም። ሽማግሌው «ያነሰው መያዣ ነው» ያሉት ይህንን ነው።

መርገጥ ለምን ይጎዳል?

አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር፣ የሚዞረው ጎማ ፍጥነት ከወትሮው እጥፍ ይሆናል። በብዙ መኪኖች የፍጥነት መቁጠሪያው 40 ሲያሳይ ያ ጎማ በ80 እየተሽከረከረ ነው ማለት ነው። ጎማው ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ለኩርባ ያህል ቀስ ብለው እንዲዞሩ የተሠሩ ስለሆኑ በዚህ ፍጥነት ይበላሻሉ። ከሁሉም በላይ ግን ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ዘመድዎ አለ። ከጎማው ሥር የሚፈናጠር ድንጋይ ዓይን ያጠፋል፤ ድንገት ወደ ኋላ የተንሸራተተ መኪናም ሰው ይጨፈልቃል።

ጭቃ ሲይዝዎት

በመጀመሪያ ነዳጁን ይተዉና መሪውን ቀጥ ያድርጉ። ወርደው የሚሽከረከረው ጎማ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ሥራዎ ያለው እዚያ ነው። የደካማውን በሬ እግር ማጽናት ማለት ነው።

በዚያ ጎማ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ወይም በእንጨት ይጥረጉ። ከዚያም የሚቆነጥጠው ነገር ያስገቡለት፦ ጠጠር፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ጆንያ፣ ካጡ የመኪናውን ምንጣፍ። የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ ከሆነ ይፋቁት። እኛን ያወጡን ሽማግሌ ሌላም ነገር አደረጉ፤ ከበድ ያሉትን ሁለት አጎቶቻችንን መኪናው ውስጥ፣ ልክ ከሚሽከረከረው ጎማ በላይ ባለው ወንበር አስቀመጡ። ክብደት ሲጨመርበት ጎማው መሬቱን አጥብቆ ይይዛልና።

ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቁ ይሞክሩ። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው ይተዉት። የሚገፋ ሰው ካለ ከጎን ይሁን፤ ከሚሽከረከረው ጎማ ኋላም ሆነ ፊት ማንም አይቁም። ልጆችን ከመኪናው ራቅ ያድርጉ።

«የእጅ ፍሬን ትንሽ ሳብ አድርግ» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። በተራ ዲፈረንሻል ላይ ይህ ብዙም አይረዳም። የእጅ ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማዎች አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በአንዱ በኩል የተገኘው ጉልበት በሌላው በኩል ይባክናል። ትራክተር ለግራና ለቀኝ ጎማ ሁለት የተለያየ የፍሬን ፔዳል ያለው ያለምክንያት አይደለም። ገበሬው የሚሽከረከረውን ጎማ ለብቻው ይይዘዋል።

«ፎር ባይ ፎር» ሁሉ አንድ አይደለም

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ በመኪና ማስታወቂያ ላይ «ፎር ባይ ፎር» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ገዢው አራቱም ጎማ በማንኛውም ጊዜ የሚጎትት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከፊትም ከኋላም አንዳንድ ዲፈረንሻል መኖሩ ነው። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ መያዣ ካጡ፣ እነሱ ሁለቱ ሲሽከረከሩ ሌሎቹ ሁለቱ ቆመው ያያሉ።

ለዚህ መፍትሔው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው። ቀንበሩን በሞፈሩ ላይ እንደመቸንከር ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ ብርቱው በሬ ብቻውን መሳብ ይችላል። አንዳንድ የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ሞዴሎች አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን የላቸውም። ለገጠር መንገድ ብለው መኪና የሚገዙ ከሆነ «መቆለፊያ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካለው ደግሞ የሚጠቀሙበት ጭቃ ላይ፣ በዝግታና ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ ነው። አስፋልት ላይ ሲወጡ መፍታቱን አይርሱ፤ በኩርባ ላይ የተቆለፈ ዲፈረንሻል መሪውን ያከብዳል፤ ብረቱንም ይሰብራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና እየያዘ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ገና ሲነሣ ስለሚሰጥ በእርጥብ መሬት ላይ ጎማውን በቀላሉ ያሽከረክራል። እነዚህም ሆኑ ሌሎች አዳዲስ መኪኖች ግን የሚሽከረከረውን ጎማ ለይቶ ለብቻው ፍሬን የሚይዝ ኮምፒውተር አላቸው። የትራክተሩን ፔዳል ሥራ ይሠራል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚንሸራተት መኪና ምስል ብልጭ ድርግም ካለ ሥራ ላይ ነው፤ እርስዎም ነዳጅ መስጫውን ላላ ያድርጉለት። ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ግን ይህ መሣሪያ ጉልበቱን አብዝቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ በቁልፉ አጥፍተው ይሞክሩ፤ ሲወጡ መልሰው ያብሩት።

ክረምት ሳይገባ

ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ሲዘንብበት ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ እዚያ ላይ ምንም አይዝም። ስለዚህ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጎማዎን ያስመርምሩ። የግራና የቀኝ ጎማዎ መጠን እኩል ይሁን፤ እኩል ካልሆነ ዲፈረንሻሉ በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ሳያርፍ ይሠራል። ወንዝ ተሻግረው ከሆነ የዲፈረንሻሉን ዘይት ያስዩት፤ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል። አካፋና ሁለት ጆንያ ከኋላ ይኑርዎት።

ወንድሜ አሁን እነዚህን ሁሉ ይዞ ነው የሚጓዘው። ባለፈው ክረምት ለአክስታችን ሙት ዓመት ስንሄድ እዚያው መንገድ ላይ ጎማው መሽከርከር ጀመረ። እግሩን አነሣና ወርዶ ጠጠር አስገባ፤ በአሥር ደቂቃ ወጣን። እናቴም በሰዓቱ ደረሰች።